ከ«ላከ» እስከ «ይላክ»

ከንጉሡ ከተማ፣ ከደብዳቤ ቤት። ወንዙ ሜዳውን ባለበሰበት በሁለተኛው ወር።

ለአጎቴ ለዓብዲ-ያራሕ፣ ለጊቲ-ዘይት ከንቲባ ጸሐፊ፣ እንዲህ በል። ልጅዎ ማታን የሚለው ይህ ነው።

በእኔ ዘንድ ደህና ነው። በእርስዎ ዘንድ፣ በቤትዎ፣ በፈረሶችዎና በሰረገሎችዎ ዘንድ እጅግ ደህና ይሁን። ፈረስም ሰረገላም እንደሌለዎት አልረሳሁም፤ ያለችዎት አንዲት አህያ ናት። ሰላምታው ግን እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። አምላካችን ባዕል ዕድሜዎን ያርዝም።

እኔ ደህና ነኝ። የግብጽ ዳቦ አሸዋ አለበት፤ እዚህ አገር የሰው ጥርስ የሚያልቀው በእርጅና ሳይሆን በቁርስ ነው። ቢራቸው ግን አይታማም። ሥራዬ ከአገራችን ከከነዓንና ከዚያም ወዲያ ካሉ አገሮች ለንጉሡ የሚመጡትን፣ አገር ሁሉ በሚጻጻፍበት በባቢሎንኛ የተጻፉትን የሸክላ ደብዳቤዎች መቀበል፣ አቧራቸውን ማራገፍና ለአንባቢዎቹ ማቀበል ነው። እኔ ራሴ እንዳነብ ገና አልተፈቀደልኝም።

አንባቢዎቹን የሚያሠለጥነው ሪሙት-ጉላ የሚባል ባቢሎናዊ ነው። እውነተኛ ባቢሎናዊ፤ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ እዚያው ኮርቶ የመጣ።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው፤ በምን አፌ እንደምነግርዎ ግን አላውቅም። ያስተማሩኝ ባቢሎንኛ ባቢሎንኛ አይደለም።

ቃሉ የነሱ ነው። ቃሉን የምናስርበት ገመድ ግን የኛ ነው። ከፊቱ የኛን «ይ» እና «ያ» እና «ዩ» እንለጥፍበታለን፤ ከኋላው የኛን ጭራ እንቀጥልበታለን፤ ከዚያ ባቢሎንኛ ነው ብለን ማኅተም እናደርግበታለን። ሪሙት-ጉላ ከኛ አገር የመጣ ሰሌዳ ሲያነሣ፣ ገና ሳያነበው «ይ፣ ይ፣ ይ» እያለ እንደ ቀበሮ ይጮኻል። አዳራሹ በሳቅ ያልቃል። ከባድ ቃል ሲገጥመን የምንጥላት ያዘመመች ጭረት አለች አይደል፣ ከሷ ቀጥለን ቃሉን በኛ ቋንቋ የምንደግምባት? ለሷም ስም አውጥተውላታል። «እማዬ መጣች» ይሏታል። ልጁ ሲያቅተው እናቱን ይጠራል ማለታቸው ነው።

እኔም ሳቅሁ። ሁሉ ሲስቅ ዝም ያለ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ለእናቴ ደህና ነው ይበሉልኝ። የደረቀ በለስ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።


ጊቲ-ዘይት። በወይራ ለቀማ ወር።

ለማታን እንዲህ በል። አጎትህ ዓብዲ-ያራሕ የሚለው ይህ ነው። የምታነበው አንተው ስለሆንክ ለራስህ በለው፤ ብቻ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ አዳራሹ እንዳይሰማ።

በእኔ ዘንድ ደህና ነው። አህያዋ ሞታለች። ባንተ ዘንድ፣ በቤትህና በጥርስህ ዘንድ እጅግ ደህና ይሁን። የዘይት መጭመቂያችን እመቤት ትጠብቅህ።

ደብዳቤህን ለእናትህ ለታላያ አነበብኩላት፤ ስለ ዳቦው ያለውን። ስለ ቋንቋው ያለውን ዘለልኩት። «አጭር ነው» አለች። «እዚያ ጭቃ ውድ ነው እንዴ?» «ወንዝ ዳር ናቸው፣ ጭቃ ሞልቷል፤ ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት። በለሱን ልካለች።

ባቢሎንኛ ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ አባቴን አባቱ። እሱን ያስተማረው ዘይት ሊገዛ የመጣ ባቢሎናዊ ነው ይባላል፤ ወይም የባቢሎናዊው አህያ ነጂ፣ በዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። ዝናቡ መንገድ ዘጋበት፣ ሚስት አገባ፣ ቀረ። ልጆቹ ግማሽ የኛ ሆኑ። ቋንቋው በምን ዕዳው ሙሉ የሱ ይሆናል?

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ሲባል ዕድሜ ልኬን ስቄያለሁ። ደብዳቤህን ያነበብኩ ዕለት ወደ ከንቲባው ጋጣ ሄጄ በቅሎዋን ይቅርታ ልጠይቃት ምንም አልቀረኝ።

የደነቀኝ ሌላ ነው። ጠጉሬ እስኪሸብት ለንጉሡ ስጽፍ ኖርኩ፤ መልስም ይመጣ ነበር። እህል ለምኜ፣ ዘግይቶም ቢሆን እህል መጥቷል። ይገባቸዋል ብዬ ነበር። ለካ እየሳቁ ነው የገባቸው። አሁን መቃዬን ባነሣሁ ቁጥር ያ አዳራሽ ጀርባዬ ላይ ቆሞ ያየኛል።

ይልቅ ወሬ። የላይኛው መንደር ገዥ ሚልኪ-ዛር ምንጫችንን ያዘ። ሴቶቻችን ውኃ የሚቀዱት በዘበኞቹ ፈቃድ ነው። ከንቲባችን ባዕላራም ንጉሡ ቀስተኞች እንዲልክለት አስጽፎኛል፤ ሰሌዳው ከዚህ ጋር በአንድ ነጋዴ እጅ ይደርሳችኋል። ያንተ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ የጻፍኩት ስለሆነ «ይ» አለበት። ታገሠኝ።

ለዓይኔ የግብጽ ኩል ላክልኝ። የፊደሉ ሽብልቆች እርስ በርስ መደባለቅ ጀምረዋል።


ከደብዳቤ ቤት። ውኃው ሸሽቶ ዘር በሚዘራበት ወር።

ለአጎቴ ለዓብዲ-ያራሕ እንዲህ በል። ልጅዎ ማታን የሚለው ይህ ነው። በእርስዎ ዘንድ ደህና ይሁን፤ ለአህያዋ አዝኛለሁ።

የከንቲባው ደብዳቤ ደርሷል። ሪሙት-ጉላ ሙሉውን አነበበው፤ በዜማ። ንጉሡ ቀስተኞች ይላክ ለማለት «ዩዋሺራ» ያሏት ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ደገማት። ከዚያ «ይህን የጻፈው ማነው? ከናንተ የሚያውቀው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ ጎንበስ ብዬ የወደቀ መቃ እየፈለግሁ ነበር።

ልመናው ለታላቁ ሹም አልቀረበም። ተራው ይድረስ ተብሎ ከሌሎች የከነዓን ልመናዎች ጋር ቅርጫት ውስጥ ገብቷል። ቅርጫቱ ትልቅ ነው።

እባክዎ እንደገና ይጻፉት፤ በንጹሕ። ከፊት ያለችውን «ይ» ያውጡ። ከኋላ ያለችውን ጭራ ይቁረጡ። ያዘመመችውን ጭረት እርግፍ አድርገው ይተዉ። «ዩዋሺራ» ብሎ ነገር የለም፤ ባቢሎን የሚያውቀው «ኡዋሺር» ነው። ሌላውንም ግስ ሁሉ እንዲሁ። አጭርና ደረቅ ይሁን። ንጹሕ ደብዳቤ ከመጣ በታላቁ ሹም ፊት የማነበው እኔ እንደምሆን ሪሙት-ጉላ ቃል ገብቶልኛል። ፈተናዬ እሱ ይሆናል። ያን ጊዜ «የጻፈው አጎቴ ነው» እላለሁ።

ኩሉን ልኬያለሁ። በለሱም ደርሶኛል። የሚቀጥለውን ነጋዴው በር ላይ ለዘበኛው ይስጠው። እስከ አዳራሹ እየገባ በቋንቋችን ስሜን ባይጠራ ይሻላል፤ ሥራ ያስፈታል።


ጊቲ-ዘይት። በኋለኛው ዘር ወር።

ለማታን እንዲህ በል። አጎትህ የሚለው ይህ ነው። በእኔ ዘንድ ደህና ነው፤ ባንተ ዘንድ ደህና ይሁን።

«ያን ጊዜ አጎቴ ነው እላለሁ» ያልካትን አንብቤያለሁ። እስከዚያው ምን ስትል እንደቆየህ አልጠየቅሁህም። ደግሞስ አጎትህም አይደለሁም፤ በዘር ቆጠራ የእናትህ የአክስት ልጅ ነኝ። አጎትነቱን ያገኘሁት በማስተማር ነው፤ ያስተማርኩህ ደግሞ ምን እንደሆነ አንተው ነገርከኝ።

አባቴ የተወልኝን የትምህርት ሰሌዳ ከዘይት ማሰሮዎቹ ጀርባ አወጣሁት። ግማሹ ተሰብሯል። በላክልኝ ኩል ዓይኔን ቀብቼ በቀረው ግማሽ ላይ አቀርቅሬ ሰነበትኩ። ባዕላራም መታገሥ አቅቶት ራሱ መጣ።

«አንተ ሰው፣ አንድ ደብዳቤ ላይ ምን ሆነህ ነው?»

«እያጠብኩት ነው፣ ጌታዬ።»

«ቆሽሾ ነበር?»

«ትንሽ ‹ይ› ነበረበት።»

«ደግሞ ‹ይ› ምንድን ነው?»

«የዚህ አገር በሽታ ነው። በአፍ ነው የሚገባው።»

«እኔንም ይይዘኛል?»

«እርስዎማ ከተወለዱ ጀምሮ አለብዎት።»

ደንግጦ አፉን በእጁ ሸፈነ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ሪሙት-ጉላ እንዴት እንደሚስቅ ገባኝና ሳቄን ዋጥኩት።

ሰሌዳው ከዚህ ጋር መጥቶልሃል። እንዳልከኝ ነው የሠራሁት፤ አንድ «ይ» ብታገኝበት መቃዬን እሰብራለሁ። የምንጩን መያዝ ከነገርኩ በኋላ ልመናውን አከታትዬ፣ «ኡዋሺር» ብዬ ጨረስኩ። ሳነበው ሰው ቤት ተሳስቼ ገብቼ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ ብቻ ማንም አላወቀኝም።

የሚልኪ-ዛር ዘበኛ የእናትህን እንስራ ሰበረባት። ባዶውን ሳይሆን ሞልታ ስትነሣ። «ልጄ ንጉሡ ደጃፍ አይደል? ይንገርልን እንጂ» አለችኝ። «እየነገረልን ነው» አልኳት። አታሳፍረኝ።


ከንጉሡ ከተማ። ስንዴው ጉልበት በደረሰበት ወር።

ለአጎቴ፣ ለከነዓን ጸሐፍት አለቃ ለዓብዲ-ያራሕ እንዲህ በል፤ ደግመህም በል! ልጅዎ ማታን፣ የንጉሡ አንባቢ፣ የሚለው ይህ ነው።

በእኔ ዘንድ ደህና፣ እጅግ ደህና ነው! በእርስዎ፣ በቤትዎ፣ በፈረሶችዎና በሰረገሎችዎ ዘንድ ደህና ይሁን፤ ፈረሶቹም መምጣታቸው አይቀርም።

አነበብኩት። በታላቁ ሹም ፊት ቆሜ፣ ባቢሎንኛውን አንድ ጊዜ እንደ ውኃ አፍስሼ፣ ወደ ግብጽኛ እየመለስኩ። «ሚልኪ-ዛር ምንጩን ያዘ። ንጉሡ ጌታዬ ቀስተኞችን ላከ። ከተማውን አዳነ። ባሪያውን አሰበ።» አጭር፣ ደረቅ፣ ንጹሕ። ሪሙት-ጉላ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና «በስተመጨረሻ ከከነዓን ሰው ጻፈ» አለ። እኔም «አጎቴ ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ።

ታላቁ ሹም ምን እንዳለ ይገምቱ። «ከዚያ አገር የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ስጠኝ፣ ላክልኝ፣ ድረስልኝ ነው። የተደረገለትን አውቆ የሚያመሰግን ይህ የመጀመሪያው ነው» አለና ለባዕላራም የበፍታ ልብስ እንዲሄድለት አዘዘ። የቀድሞው ልመናችሁም ከቅርጫቱ ወጥቶ፣ ጉዳዩ ተፈጽሟል ተብሎ ተሰብሯል።

የቀስተኞቹን መድረስ እኛ አልሰማንም ነበር። የጦር ቤቱ ሰዎች ለደብዳቤ ቤት የሚሠሩትን አይናገሩም፤ ንቀታቸው ነው። ስንት መጡ? ሚልኪ-ዛርስ እንዴት ሆነ? ሸሸ? እናቴ አሁን ውኃዋን በሰላም ትቀዳለች። አዲስ እንስራ ይግዙላት፤ ትልቅ።


ጊቲ-ዘይት። በገብስ አጨዳ ወር።

ለማታን ንገር፤ ፈጥነህ ንገር።

የትኞቹ ቀስተኞች?

የበፍታው ልብስ ደርሷል። ከልብሱ ጋር ያመጣው ሰውዬ እንጂ ሌላ ማንም አልመጣም። «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» አለን። ባዕላራም ልብሱን ታቅፎ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

የሚልኪ-ዛር ሰዎች ከግንባችን ሥር ሆነው ገብሳችንን እያጨዱ ነው፤ እየዘፈኑ። በሩን ከዘጋን ወዲህ ውኃ የምንጠጣው ከጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱም ጭቃ መስጠት ጀምሯል። የምጽፍብህ ጭቃ እሱ ነው።

ንጉሡ ቀስተኞች ይላክ። ይላክ ነው የምልህ። በየትኛው ቋንቋ እንደሚባል አንተ ታውቃለህ፤ ሄደህ በለው።


ከንጉሡ ከተማ። በሙቀቱ ወር።

ለአጎቴ ለዓብዲ-ያራሕ እንዲህ በል። ማታን የሚለው ይህ ነው። በእርስዎ ዘንድ ደህና ይሁን።

መልሴ ዘገየ። ነጋዴ አጣሁ።

ሰሌዳዎን ከመደርደሪያው አውርጄ እንደገና አየሁት። በባቢሎንኛ «ኡዋሺር» ማለት «ላከ» ነው። «ይላክ» ለማለት ከፊቱ «ሉ» ይገባል፤ «ሉዋሺር» ይባላል። «አዳነ» እና «አሰበ»ም እንዲሁ ናቸው። በኛው አጻጻፍ ልመናዋን ተሸክመዋት የነበሩት «ይ»ዋና ጭራዋ ኖረዋል። ስሕተት ተፈጥሯል። በማን በኩል እንደተፈጠረ አሁን መመርመሩ ለማንም አይጠቅምም።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ለእኔ የተጻፈ የግል ደብዳቤ ስለሆነ ለአዳራሹ ማቅረብ አይቻልም። ተሳስተናል ብዬ ብነሣ ደግሞ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ሹመቴ ገና አልደረቀም። ስለዚህ በከንቲባው ስም አዲስ ይጻፉ። ቀስተኞቹ መጥተው ነበር፣ ሲመለሱ ሚልኪ-ዛር እንደገና ተነሣ ይበሉ። ይህ ሁሉንም ነገር ያስታርቀዋል። «ሉ»ን አይርሱ።

እናቴ እንዴት ናት? በለስ አትላክልኝ፤ ለራሷ ታስቀምጠው።


ጊቲ-ዘይት። በወይን ግረዛ ወር።

ለማታን እንዲህ በል። ዓብዲ-ያራሕ የሚለው ይህ ነው።

አገሩ ያው ነው፤ ባለቤቱ ተለውጧል።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከተማው ከተያዘ በኋላ ነው። የጉድጓዱ ጭቃ ደርቆ ድንጋይ ብቻ ሲቀር ሰዎቻችን ራሳቸው በሩን ከፈቱ። ባዕላራም ብቻውን ሊዘጋው ሞከረ። በሩ ሥር ወድቆ ሳለ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁለት።

«ደብዳቤው ደርሶ ነበር?» አለኝ።

«ደርሷል፣ ጌታዬ።»

«አንብበውታል?»

«በጣም ወደውታል።»

እውነቴን ነው የነገርኩት። እውነት እንዲህ የምታሳፍር መሆኗን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ሰው ዋሽቶ ያፍራል፤ እኔ ሳልዋሽ መሬት ሳትውጠኝ ቀረች።

ማን ተሳሳተ የሚለውን መመርመር አይጠቅምም ብለሃል። እኔ ግን ሥራ ስለሌለኝ መረመርኩት። ምን እንደማወጣ ነገርከኝ፤ በቦታው ምን እንደማስገባ አልነገርከኝም። እኔም አልጠየቅሁህም። ባቢሎን እንዴት እንደሚለምን አለማወቄን ልነግርህ አፈርኩ። ሰሌዳው የተሰበረው እዚያው ጋ ነበር። አንተ በእኔ አፈርክ፣ እኔ ባንተ ፊት አፈርኩ፤ በሁለታችን ኀፍረት መሐል ከተማ ወደቀ።

ሥራ የለኝም ያልኩት እስከ ትናንት ነበር። ትናንት ሚልኪ-ዛር አስጠራኝ። የበፍታውን ልብስ ለብሶታል፤ ትከሻው ላይ ይጠበዋል።

«ንጉሡ ቤት የተመሰገነው ጸሐፊ አንተ ነህ?»

«ነበርኩ።»

«ልብስ ያሰጠች ደብዳቤ ጻፈ ይሉሃል። ለኔም እንደሷ ያለች ጻፍልኝ። ከተማው ሰላም ነው፣ ዘይቱ ይመጣል በል። በዚያ በንጹሑ።»

«‹ይመጣል› ነው ‹ይምጣ›?» ብዬ ጠየቅሁት። ምን ዓይነት ጅል ነው ብሎ አየኝ።

ጻፍኩለት። እንጀራ ነው። ሰሌዳውን አንተው ታነበዋለህ፤ ስሕተት የለበትም።

እናትህ በሕይወት አለች። ቤቷን የሚልኪ-ዛር ጭፍራ ስለያዘው ከኔ ጋር ናት። ምንም አልነገርኳትም። ደብዳቤዎችህን እየዘለልኩ ስለማነብላት አሁን አሁን በጣም ቁጥብ ሰው ትመስላታለህ። «ሹመት እንዲህ ነው፣ ቃል ያስቆጥባል» ትላለች። ካንተ የምጠይቀው ነገር የለኝም። ኩልም አልፈልግ።


ከንጉሡ ከተማ። ወንዙ እንደገና መሙላት በጀመረበት ወር።

ለዓብዲ-ያራሕ፣ ለአስተማሪዬ፣ እንዲህ በል። ማታን የሚለው ይህ ነው። ይህን የምጽፈው እርስዎ ባስተማሩኝ ነው፤ «ይ»ውም ጭራውም አለበት። እጄ መንገዱን ረስቶት ነበር፤ ሦስት መስመር ከሄደ በኋላ አስታወሰ።

የሚልኪ-ዛርን ደብዳቤ በታላቁ ሹም ፊት አነበብኩ። አንብቤ ስጨርስ አልተቀመጥኩም። የቀድሞውን በስሕተት አንብቤዋለሁ፣ ምስጋና ሳይሆን ልመና ነበር፣ ከተማው የወደቀው በዚህ ነው አልኩ። ይገርፉኛል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ልብሴን አላልቼ ነው የገባሁት።

«አሁን ከተማው በማን እጅ ነው?» አለ ታላቁ ሹም።

«በሚልኪ-ዛር።»

«የንጉሡን ዘይት ልኳል?»

«ልኳል» አለ ከጎኑ ያለው።

«እንደ ፊተኛው?»

«ትንሽ ጨምሮ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተሳሳተው?» አለኝ።

ወደ ሌላ ሰሌዳ አለፍን፤ እሱንም እኔው አነበብኩት። ሹመቴ አልተነካም። ሪሙት-ጉላ ስንወጣ አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ብቻ በሩን ከፍቶ አሳለፈኝ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

የወደቀ መቃ እየፈለግሁ ነበር ያልኩዎት ጊዜ መቃ አልወደቀም።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ደብዳቤዎቼን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለእናቴ ያንብቡላት፤ አንድም ሳይዘሉ። የሳቅሁበትንም፣ ነጋዴው በር ላይ ይቅር ያልኩበትንም። ሁሉን ከሰማች በኋላ አሁንም ልጇ ከሆንኩ ምርቃቷን ይላኩልኝ። በሷው ቃል ይጻፉልኝ።


ጊቲ-ዘይት። በበጋ ፍሬ ወር።

ለማታን እንዲህ በል። ዓብዲ-ያራሕ የሚለው ይህ ነው። በእኔ ዘንድ እንዳለ ነው።

አነበብኩላት። ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ለማድረቂያ የሚሆነውን በለስ ትሰነጥቅ ነበር፤ እኔ ሰሌዳዎቹን በተራ አንሥቼ አነበብኩ። የራሴንም ድርሻ ነገርኳት፤ ያንተን ብቻ ማንበብ ቀላል ነበር፣ ግን ከባዕላራም ወዲህ ቀላል እውነት እፈራለሁ። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንዱን በለስ ገልብጣ ትል እንዳለበት አየችና ወረወረችው።

«እኔ ያልገባኝ» አለች፣ «ለምን በኛ አልጻፋችሁለትም?»

«የኛ አይጻፍም፣ ታላያ።»

«ማን ከለከለ?»

«ማንም። የጻፈው የለም እንጂ።»

«ንጉሡ አይገባውም ብላችሁ ነው?»

«እንዴት ይገባዋል?»

«አስተርጓሚ የለውም እንዴ፣ ይሄ ሁሉ አገር ገዝቶ?»

«አለው።»

«ማነው?»

የልጇን ሰሌዳዎች መደራረብ ጀመርኩ። ጥያቄው ተንኮል አልነበረበትም፤ መልሱን ጠበቀች። ከዚያ ከፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ በለሱ መለሰች። ብዙ ሰነጠቀች።

ምርቃቷን እንደምትፈልግ፣ በሷው ቃል እንድጽፈው እንደለመንክ ነገርኳት። ጭቃ አድቦልቡዬ፣ መቃዬን ይዤ ተቀመጥኩ። እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና አየችኝ፤ መቃውን አየችው።

«እንግዲያው ራሱ ይምጣ» አለችኝ። «የኛ አይጻፍም አላልከኝም?»